የአጥሩ ሐኪም

የጽድ አጥሩ መድረቅ የጀመረው ከመሃሉ ነው። ግራና ቀኙ ለምልሞ፣ ከወጥ ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለው ብቻ ቡናማ ሆኖ ረገፈ።

ልጅቱ አትክልተኛ አመጣች። ሰውዬው ተንበርክኮ ጫር ጫር አደረገና አንድ ሥር መዝዞ አወጣ። የሥሩ ልጣጭ እንደ ተቀቀለ ድንች እጁ ላይ ተላቀቀ።

«በሽታ አይደለም፤ የሆነ ነገር እየተደፋበት ነው» አለ። «የሚደፋው ከቆመ ይድናል። ካልቆመ ግን ነቅሎ አዲስ መትከል ነው የሚሻለው።»

«የአባትሽ እጅ ያረፈበትን? እኔ በቁሜ አይነቀልም!» አሉ እናትየው።

አጥሩን የሚያክሙት ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት ፋርማሲስት ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከቤት መውጣት ትተው ነበር። አጥሩ ከታመመ ወዲህ ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ጠርሙስ ይዘው ከች ይላሉ። መድኃኒቱን ጠብ ጠብ ያደርጉና ሻይ ይጠጣሉ። እናትየው ለሁለት ሰው ሻይ ትልቁን ማንቆርቆሪያ ነው የሚጥዱት። ከሚጎድል ይትረፍ ባይ ናቸው።

ልጅቱን ነገሩ አልጣማትም። ሰውዬው ባከሙት ቁጥር አጥሩ ይብስበታል።

«እማዬ፣ የሚገድሉት እሳቸው ናቸው። አጥሩ ሲጠፋ ድንበር ሊገፉ ነው።»

«ተይ ልጄ፣ በሰው አትፍረጂ» አሉ እናትየው አቀርቅረው።

አንድ ቀን ልጅቱ ትዕግሥቷ አለቀና ጠርሙሱን ከእጃቸው ነጠቀች።

«ምንድን ነው ይሄ ጋሼ?»

«የ... የሥር ማጠናከሪያ ነው።»

«እስቲ ይጠጡት!»

ፋርማሲስቱ ተቀብለው እስከ መጨረሻው ጨለጡት።

«ውሃ ነው» አሉ ከንፈራቸውን እየጠረጉ።

«ታዲያ በየቀኑ ምን ያመላልስዎታል?»

ሰውዬው ወደ ወጥ ቤቱ በር አየት አደረጉና ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

ልጅቱ አሁን ሁሉም ነገር ተገለጠላት። መምጫ ሰበብ እንዳያጡ ሰው በሌለበት ሰዓት መርዝ የሚደፉት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛ እዚህ ግቢ እንዳይደርሱ ነገረቻቸው። የደረቀውንም ነቅላ እንደምትጥል ለእናቷ አስታወቀች። ለቅሶ ጠብቃ ነበር።

«ንቀይው» አሉ እናትየው፣ የሻይ ብርጭቆዎቹን እያጠቡ።

አዲሶቹ ችግኞች ወዲያው ጸደቁ። ፋርማሲስቱ ብቅ አላሉም። እናትየው ግን ምግብ አልበላ አላቸው፤ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ከመስኮቱ አይጠፉም።

«አየሽ እማዬ?» አለች ልጅቱ ለሥራ ስትወጣ። «እሳቸው ሲቀሩ እንዴት እንዳማረበት!»

«አየሁ ልጄ» አሉ እናትየው፣ ትልቁን ማንቆርቆሪያ እየጣዱ።

የውጪው በር እንደተዘጋ የፈላውን ማንቆርቆሪያ በጨርቅ ይዘው ወጡ፤ ችግኞቹ ሥር እስኪጨርሱ አንቆረቆሩና በአጥሩ ላይ አሻግረው «ዶክተር! ኧረ ይድረሱልኝ፣ አዲሶቹም ታመሙብኝ!» ብለው ተጣሩ።