የማገሩ ድር

ቢላዋው ከጠፍሩ ላይ ሸርተት ብሎ ጣቷን ሲቆርጣት ሐሳቧ ሸረሪት ላይ ነበር። አውስትራሊያ ያለች ጓደኛዋ የላከችላት ቪዲዮ ከዓይኗ አልጠፋ ብሏል፤ መዳፍ የሚያክል ሸረሪት ከጫማ ውስጥ ቀስ ብሎ ይወጣል። ከነገ ወዲያ ለትምህርት የምትሄደው እዚያው አገር ነው። ከወገዳ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የአባቷ ቤት የጠዋት ጉም ገብቶበት፣ ዚፑ ስለተበላሸ በጠፍር ሊያስሩት የተነሡት ሻንጣ እንኳ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። ደሟ መሬቱ ላይ ጠብ ጠብ ሲል የሌላ ሰው ደም መሰላት።

አባቷ ጠፍሩን ጥለው ተነሡ። እጃቸውን ወደ ማገሩ ጥግ ሰደዱና ጥላሸት ያልነካውን ነጭ ድር እንደ ጥጥ ጠቅልለው፣ በልጅነቷ እንደሚያደርጉላት፣ ቁስሏ ላይ ጫን አደረጉት። የድሩ ባለቤት፣ አንዲት ቀጭን ሸረሪት፣ ማገሩ ላይ ቆማ የምታያቸው መሰላት። ደሙ ቀስ እያለ ቆመ።

«ምነው ፈራሽ? ቁስሉ እኮ ትንሽ ነው።»

«አባባ፣ የምሄድበት አገር ሸረሪቱ ያስፈራል። ቤት ውስጥ ሁሉ ይገባል አሉ።»

አባቷ ጣቷን እንደያዙ ወደ ማገሩ ድር ቀና አሉ። መሄዷ ከታወቀ ጀምሮ ተቋጥሮ የሰነበተው ግንባራቸው ቀስ ብሎ ተፈታ።

«ቤት ድረስ ይገባል?» አሉ። «እሰይ! እኔማ ልጄ ስትቆረጥ ማን ያስርላታል እያልሁ ነበር እንቅልፍ ያጣሁት።»