ያልጸደቀ የልደት ዘመን

የልደት ዘመኑን አምስት ዓመት ወደፊት ገፍቼ እጽፍና እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳለሁ። ገና አላጸደቅኩትም። ካጸደቅኩት ሰውዬው በአንድ ጊዜ ልጅ ይሆናል፤ ለጡረታ አልደረስክም ተብሎ ይመለሳል። እስካጸድቀው ድረስ ደግሞ መዝገቡ በእኔ እጅ እንደተቆለፈ ይቆያል፤ ሌላ ሠራተኛ ሊነካው ቢሞክር ስክሪኑ ፈዝዞ ይቀራል። የዳታቤዝ አስተዳዳሪ ሥልጣኑ ይኼ ነው፤ ከታች ያለ ሰው አያየውም።

እሱ ከታች ነው። በመስታወቱ አሻግሬ አየዋለሁ፤ አዳራሹ ውስጥ የአገልግሎት መስኮቱን ተደግፎ ቆሟል። ሸብቷል። ፊት ለፊቱ ሁሌም «እርስዎ» ነበር የምለው፤ በሆዴ ግን አንተ ካልኩት ቆይቷል።

የድሮ አለቃዬ ነው። እሱ ዘንድ የሰው ስም ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ፣ ወደ ዳታቤዝ ክፍሉ ያዛውሩኝ እያልኩ ደጅ ጠናሁት። ነገ ነይ ይለኛል፤ ነገ ስሄድ ስብሰባ ላይ ነው። አንድ ቀን እኔ በሩ ላይ ቆሜ እየሰማሁ፣ «ይቺ ፊደል ለቃሚ ደግሞ ዳታቤዝ አማረኝ ትላለች» ብሎ እንግዶቹን አሳቃቸው። ያንን ሳቅ ይዤ ነው የማታ ትምህርት የገባሁት። እንቅልፍ ሲያዳፋኝ እሱን አስባለሁ፤ ከቡና የበለጠ ያነቃል። ይኸው ዛሬ እዚህ የጡረታ መሥሪያ ቤት የዳታቤዝ አስተዳዳሪ ነኝ፤ የሙከራ ጊዜዬም ሊያልቅ ነው።

ስልኬ ይጮኻል። የመስኮቱ ሠራተኛ ነው፤ የአንድ ሽማግሌ መዝገብ አልከፈት ብሎኛል ይላል። ነገ ይምጡ በላቸው እለዋለሁ። ሠራተኛው ሲነግረው፣ እሱ ጆሮውን ሲያስጠጋ፣ ከዚያም ትከሻው ሲወርድ ከላይ ሆኜ አያለሁ። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

ግን አይሄድም፤ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ፊቱን ሳየው ንዴቴ ይመለስብኛል፤ ማሽኑ የተበላሸ ነው የመሰለው። የሚረገመው ማሽኑ ከሆነ ይኼ ምን በቀል ይባላል? ማን እንደመለሰው ማወቅ አለበት። ደረጃውን እወርዳለሁ።

መታወቂያዬን ደረቴ ላይ አስተካክዬ ፊቱ እቆማለሁ። የምናገረውን ለዓመታት አጥንቼዋለሁ።

«ዳታቤዙን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ያስታውሱኛል?»

መታወቂያዬን ያነባል፣ ፊቴን ያያል። ሲደነግጥ ለማየት እጠብቃለሁ። እሱ ግን ብድግ ብሎ እጄን በሁለት እጁ ይይዝና ወደ ወረፋው ይዞራል።

«ይቺን ልጅ እኮ ለዚህ ያበቃኋት እኔ ነኝ» ይላል። «ያኔ እሺ ብላት ኖሮ ትሰንፍ ነበር። አውቄ ነው ያንገላታኋት።»

ሰው ይስቃል። አንዲት እናት የዘሩትን ማየት መታደል ነው ብለው ይመርቁታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ይኼኛው ግን አልረሳም። ወጋኝ ያልኩትን እሱ ክትባት አድርጎ ነው የያዘው። ያጠናሁትን ንግግር ትቼ፣ እጄን መንጭቄ ደረጃውን በሩጫ እወጣለሁ። አሁን አጸድቀዋለሁ። አምስት ዓመት ይንገላታ፤ ለስንፍና ደግ መድኃኒት ነው ብሎ የለ?

ወንበሬ ላይ የአሁኗ አለቃዬ ተቀምጣለች። ብዙ የማትናገር ሴት ናት። የአዲስ ጡረተኞች የወር ሂሳብ እየተሠራ ሳለ አንድ መዝገብ ላይ ደርሶ ቀጥ ማለቱን፣ ማን እንደያዘው ስትፈልግ እዚህ መድረሷን ትነግረኛለች። ስክሪኑ ላይ የቆላፊው ስም ተጽፏል፤ የእኔ ነው። እኔ የጻፍኩት የልደት ዘመንም ክፍት እንዳለ ነው። አለቃዬ ለውጡን ትሰርዘዋለች። ከታች ወዲያው የሰውዬው ስም ይጠራል።

ከዚያ ወደ እኔ ትዞራለች። ድምጿ ቁጣ የለበትም።

«ተሳስተሽ ነው?»

የማምለጫ በር ከፍታልኛለች፤ ይገባኛል። አዎ ካልኩ ሥራዬን አተርፋለሁ። አዎ ካልኩ ግን የሰው ዕድሜ በእጇ የማይታመን፣ ሥራዋን የማታውቅ ሴት እሆናለሁ፤ እሱ በዚያ ቀን እንግዶቹን ያሳቀበት ነገር እውነት ይሆናል። አይ ካልኩም ዳታቤዝ የሚባል ነገር ዳግም የሚያስነካኝ አይኖርም።

«አልተሳሳትኩም» እላታለሁ።

መታወቂያዬን ከአንገቴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። ከመስታወቱ በታች ሰውዬው ጉዳዩን ጨርሶ ወረቀቱን እያጠፈ ነው። ቀና ብሎ ያየኛል፤ ያስጨረስኩለት እኔ መስዬው፣ ሰው ሁሉ እንዲያይለት እጁን ከፍ አድርጎ ያውለበልብልኛል።