የወገብ ምስክር

አስራት የሚነዳውን ታክሲ የጭነት መኪና ከኋላ ገጭቶት ወገቡ ከተጎዳ ስምንት ወሩ ነው። በአዲሱ ሕግ ካሳ ለማግኘት የሐኪም ወረቀት ብቻ አይበቃም፤ አብሮ የሚኖር ሰው የተጎጂውን ሕመም ወደ ራሱ ወገብ የሚያስተላልፍ ቀበቶ ለአሥር ደቂቃ ታጥቆ መመስከር አለበት። ስለዚህ ባለቤቱ ውብዓለም ኢንሹራንሱ ቢሮ ቀርባ ቀበቶውን ታጠቀች።

አስራት ፊት ፊቷን ያያል። እሱ በዚያ ሕመም የጫማውን ክር ማሰር አቅቶታል፤ ትጮሃለች ብሎ ፈርቶ እጇን ያዛት። እሷ ግን ጎንበስ ብላ፣ ከጉልበቱ ላይ የወደቀውን ወረቀት አንስታ ሰጠችው።

የቢሮው መዝጋቢ ከቀበቶው ጋር የተያያዘውን ማሽን ደጋግማ አየችው።

«ወይዘሮ ውብዓለም፣ ምንም አልተሰማዎትም?»

«ተሰምቶኛል እንጂ። ያው የሁልጊዜው ነው።»

«የማን የሁልጊዜው?»

«የኔ።»

መዝጋቢዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ማሽኑ የሚመዘግበው ከራስዎ ስሜት የተለየውን ብቻ ነው። ልዩነት አላገኘም። ወገቡ ጤነኛ የሆነ ሌላ ምስክር ካላመጣችሁ ማመልከቻው ይዘጋል።»

አስራት የሚስቱን ትከሻ ተደግፎ ደረጃውን መውረድ ጀመረ። መሀል ላይ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

ውብዓለም ለማስታወስ ትንሽ አሰበች። «ውሃው እኛ ፎቅ መድረስ ካቆመ፣ በጀሪካን ማውጣት ከጀመርኩ ወዲህ።»

ያ ከሆነ አራት ዓመት አልፎታል። አስራት እጁን ከትከሻዋ አንስቶ የደረጃውን ብረት ያዘ።