የድንቡሼ ግማሽ

ልብስ ሰፊው ማንኪያውን በብርጭቆው ውስጥ ያሽከረክራል። አረፋ ብቅ ይላል፣ ይፈነዳል፣ ደግሞ ሌላ ይመጣል። ለስላሳውን የከፈተው ጠዋት ነው፤ ከጨርቅ ጣቃዎቹ ጀርባ ደብቆ፣ ደንበኛ በወጣ ቁጥር ሹልክ እያለ ሲያማስለው ውሏል። አሁን አስር ሰዓት ሊሆን ነው። ጆሮውን ወደ ብርጭቆው ያስጠጋል። ለስላሳው አሁን ትንፍሽ አይልም።

አስር ሰዓት የእነሱ ሰዓት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አስር ሰዓት ሲሆን እሱ መቀሱን፣ ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቁመው አንድ ለስላሳ ለሁለት ይካፈሉ ነበር። የምትቀዳው እሷ ናት። የራሷን ሁልጊዜ በጣት ያህል ከፍ ታደርገዋለች፤ እሱም ሁልጊዜ "አንቺ እኮ ዓይንሽን በጨው አጥበሻል!" ይላታል። ቤት ልጅ አለ፣ እንግዳ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ። የሆዳቸውን የሚጫወቱት በዚያች ሩብ ሰዓት ነበር።

ይህ ከቀረ ሦስት ወር ሆኖታል። ጉልበቷ አልሸከምሽም፣ ስኳሯም አልወርድም ሲላት፣ ሚስቱ ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና አስቀነሰች። የቀረላት አንድ ሙዝ የምታህል ናት ተባለ። ሐኪሙ ያላቸው ብዙ ነበር፤ እሱ ጆሮ ውስጥ የቀረው ግን አንድ ብቻ ነው፦ "ለስላሳ እንዳትሞክሪ፣ ጋዙ ይነፋሻል።" እንግዲህ ጥፋቱ የጋዙ ከሆነ ጋዙን ማስወጣት ነዋ! ትርፉን ቆርጦ የሚሆነውን ማስቀረት ለእሱ የዕለት ሥራው ነው።

"ድንቡሼ፣ ነይማ እዚህ!"

ይህን ስም ያወጣላት የተጋቡ ሰሞን ነው። ያኔ ጉንጯም ክንዷም ሙሉ ነበር፤ ስሙ ልክክ ብሎባት ነበር። አሁን ከመኪናዋ ጀርባ የምትነሳው ሴት ጠረጴዛ መደገፉ ቀርቶላት ቀጥ ብላ ትቆማለች። ደስ ይለዋል። ደግሞ ይፈራል፤ ምን እንደሚፈራ ግን ለራሱም አልነገረውም።

ለስላሳውን በሁለት ብርጭቆ ከፍሎ ጠረጴዛው ላይ ያኖራል። የእሷን በጣት ያህል ከፍ አድርጎታል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ጋዝ የለውም። ከጠዋት ጀምሮ ሳማስለው ነው የዋልኩት። ስሚው እስኪ!"

"አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም!" ትስቃለች። ብርጭቆውን ታያለች፣ እሱን ታያለች። የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ትከፍትና ትተወዋለች። ከዚያ ትጎነጫለች።

"እንዴት ነው?"

"ጥሩ ነው።" ደግማ ትጎነጫለች።

ሳቋ ፊቷ ላይ ይደርቃል። እጇን ከጡቷ ሥር ታደርግና እጥፍ ትላለች፤ ግንባሯ ላብ ያወጣል። "ወይኔ ጉዴ!" ብሎ ዘሎ ያቅፋታል። ክንዱ ግን በለመደው ቦታ አያገኛትም። እጆቹ ጀርባዋ ላይ ተገናኝተው፣ ተላልፈው፣ የራሱን ክርን ይጨብጣሉ።

"ዝም ብለህ ያዘኝ። ያልፋል።"

ያልፋል። ቀስ ብላ ቀና ትላለች።

"ጋዙ አልወጣም ነበር?" ይላል።

"ስኳሩም እኮ አይስማማኝም። አብረን ነው የተነገረን።"

"ታዲያ እያወቅሽ ለምን ጠጣሽው?"

"ከጠዋት ጀምሮ ሳማስለው ዋልኩ አልከኝ።"

ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሲፈልግ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቀሚስ ላይ ይወድቃል። ለልጃቸው ምርቃት ብሎ ባለፈው ሳምንት ለሚስቱ የሰፋላት ነው፤ እንደ ወትሮው ያለ ሜትር። "የደንበኛን ልክ ደብተሬ ያውቀዋል፤ የሚስቴን እጄ" ይል ነበር ሲኮራ። አሁን ቀሚሱን አተኩሮ ያየዋል። ቀሚሱ የአሁኗን እሷን ሁለት አድርጎ ይይዛል።

"ለክተሽው ነበር?"

"ሰኞ ዕለት።"

"ምነው ሳትነግሪኝ?"

"እኔው አጠበዋለሁ ብዬ ነዋ። ማጥበብ ምን ይከብዳል?"

ሜትሩን ከአንገቱ ያወርዳል። "እስኪ ቁሚልኝ።"

"እኔን? በሜትር?"

መቀለዱ እንዳልሆነ ስታይ ትቆማለች። ሳይነግራት፣ እንደማንኛዋም ደንበኛ፣ ክንዶቿን ወደ ጎን ትዘረጋለች። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ። የወገቧን ቁጥር ሁለቴ ያነበዋል። ከዚያ የደንበኞቹን ደብተር ስቦ አዲስ ገጽ ይገልጣል፣ ቁጥሮቹን ከሥር ከሥር ይጽፋል።

"ምን ብለህ ልትመዘግበኝ ነው?" ትለዋለች ከኋላው፣ ለማሳቅ ያህል።

የእሱ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀዳ ነው፤ የእሷ ሁለት ጉንጭ ብቻ ጎድሏል። እሱ እንዳጎነበሰ ነው። እርሳሱ ከገጹ ራስ ላይ፣ ስም ከሚጻፍበት ቦታ፣ ቆሟል።