ሙቀጫና መዶሻ

ትራክተር በቤት መጠገን ከተከለከለ ወዲህ፣ በሰፈሩ ላይ የሚያንዣብበው ድሮን የመዶሻ ድምፅ ከሰማ ትራክተሩን ከሩቅ ይቆልፈዋል። ጎረቤቴ ሽብሬ ግን የቀረችንን አንዲት የእጅ ትራክተር ጓዳዋ ውስጥ ፈታትታ ዘርግታታለች። ዛሬ ካልተነሳች የስንዴው መዝሪያ ጊዜ ያልፋል።

እሷ መዶሻ ስታነሳ፣ ድምፁ እንዲሸፈን እኔ ደጇ ላይ ሙቀጫ እወቅጣለሁ።

«ጋሼ ደምሴ፣ ባለሙያ ሆኑ እኮ!» ብላ ሳቀችብኝ።

«ሥራሽን ሥሪ» አልኳት።

የጎበጠውን ዘንግ አቃናች፤ የተበጠሰውን ሰንሰለት በብስክሌት ሰንሰለት ተካች። እጇ አይቸኩልም። ገጣጥማ የማስነሻውን ገመድ ስትስብ ሞተሩ ተነሳ።

ሙቀጫዬን አንስቼ ገለበጥኩት። ካለፈው መኸር ወዲህ የሚወቀጥ እህል የለንም፤ ባዶውን ስወቅጥ ከርሜ ሥሩ ተበስቷል።

ሽብሬ ወጥታ በሙቀጫው ቀዳዳ አጮልቃ አየችኝ።

«ያምጡት፣ እሱንም እጠግነዋለሁ» አለች። «ስንዴው ሲደርስ ያስፈልገናል።»