በልቻለሁ

ጀርመን አገር አራት ዓመት ተምሮ ደሴ የገባ ዕለት፣ ከመናኸሪያው እስከ አክስቱ ቤት ድረስ እየተናደደ ሄደ። ሱቆቹ የፈረንጅ ስም ለጥፈዋል፤ ልጆቹ በ«ሃይ» ይገናኛሉ፣ በ«ባይ» ይለያያሉ።

«ባህላችን አለቀለት!» አለ ገና ሳይቀመጥ።

አክስቱ እትዬ ዘነቡ ሳቅ ብለው ትኩስ ቋንጣ ፍርፍር ፊቱ ደቀኑለት። ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ግን ጨዋ ልጅ ቢያንስ ሦስቴ ሳይለመን አይጎርስም።

«በልቻለሁ፣ አይቸገሩ» አለና «በሞቴ!» እስኪሉት ጠበቀ።

«እሺ» ብለው ሰሃኑን አነሱት።

ክው አለ። «እርስዎም፣ እትዬ? ይሄን ፈረንጅነት ማን አስተማረዎት?»

«አንተ ነሃ!» አሉ፣ ወደ ጓዳ እየገቡ። «የሄድክ ዓመት በስልክ ‹እዚህ አገር እንግዳ አልበላም ካለ ማንም አያስጨንቀውም፤ ሥልጣኔ ማለት ይሄ ነው› አላልከኝም? ለዕድርተኛው ሁሉ ነገርኩ። ይኸው ሦስት ዓመታችን፣ በሰፈራችን ‹በሞቴ› የሚል ሰው የለም።»

ከጓዳ የሰሃኑ ክዳን ሲገጠም ተሰማ።

«አይዞህ ልጄ፣ ለእራትም አላስቸግርህም!»