ፋርማሲው ፊት ለፊት ያለው ዳገት

የፋርማሲዋ ልጅም አይታው ይሆን? አንድ ተሳፋሪ «ቆንጆው ባለባጃጅ» ብሎ ፌስቡክ ላይ የለጠፈው ፎቶ ከቦንጋ ወጥቶ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። እሱ ግን መንዳት እንጂ ቆንጆ መሆን ሥራዬ ነው ብሎ አያውቅም። ጠዋት ለልጅቷ «ከሥራ በኋላ ሻይ ልጋብዝሽ?» ብሎ የላከው መልእክት መልስ አላገኘም።

ባጃጁን ፋርማሲው ፊት ለፊት ዳገቱ ላይ ጭቃ ያዘው። «ግፉ እንጂ!» ሲል፣ የወረዱት ተሳፋሪ ልጃገረዶች ከሱ ጋር ሴልፊ መነሳት ያዙ።

«ልጄ፣ መልክህ ዳገት አያወጣም!» አሉ የማር ገንቦ አቅፈው ከኋላ ወንበር ላይ የቀሩት እናት።

ድንገት ባጃጁ ተንቀሳቀሰ። በስፖኪዮው አየ፤ ነጭ ጋዋኗ ጭቃ ለብሶ፣ እየሳቀች የምትገፋው እሷ ነበረች።

«ፎቶውን አየሽው?» ብሎ ጮኸ።

«አየሁት! አሁን ነዳጅ ስጠው!»

ዳገቱን እንደወጡ ጋቢና ገብታ ከጎኑ ተጠጋች። ለዚያ የሻይ መልእክት ግን በጽሑፍ እስከ ዛሬ አልመለሰችለትም።